ከውስጥ የሚዘንባት ቮልስ፦ የበር ፋዚት ማውለቅና መመለስ

ነሐሴ 18፣ 2016 (ቅዳሜ)

ሌሊቱን ሲያወርደው ያደረው ዝናብ ጠዋት አባራ። ቮልሷን ላሞቃት ገብቼ ምንጣፉን ስረግጠው ውሃ ተፋ። የሾፌሩ በር ፋዚት (ከሌዘሩ ሥር ያለው የተጨመቀ እንጨት ሰሌዳ) ከታች ሆዱ ተነፍቷል፤ በአውራ ጣቴ ስጫነው ሻይ ውስጥ እንደ ገባ ዳቦ ሰመጠ።

መኪናዋ የአባቴ ነበረች። እ.ኤ.አ. የ1969 ሥሪት ናት፣ ሞተሯ 1300። እኔ እጅ ከገባች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በሮቿ እስከ ዛሬ ሦስት ጊዜ ከውስጥ ለብሰዋል፤ ሁለቴ በአባቴ ዘመን፣ አንዴ በእኔ። ሦስቱም ጊዜ ሥራው ሲያዩት ያምር ነበር፤ ሦስቱም ጊዜ ሁለተኛውን ክረምት ሳይጨርስ አበጠ። የሌዘሩ ጥራት ነው፣ የፋዚቱ ጥራት ነው ስንል ኖርን። ዘንድሮ ለሰው ከመስጠቴ በፊት ራሴ አውልቄ አያለሁ ብዬ ተነሥቻለሁ። ዝናቡ ሳይወጣ ግን አልነካትም፤ በነሐሴ የሚደርቅ ፋዚት የለም።

ለጊዜው ምንጣፉን አውጥቼ አሰጣሁት (የት እንደሚደርቅ እግዜር ይወቀው)። የፈራሁት ለምንጣፉ አይደለም። ቮልስ ራዲያተር የላትም፤ ለተሳፋሪው የሚሆነው ሙቀት ከኋላ ሞተሩ ጋ ተነሥቶ በሁለቱ በሮች ሥር ባለው ባዶ ላሜራ ውስጥ አልፎ ነው ወደ ፊት የሚመጣው። ያ ላሜራ የሙቀት መንገድ ብቻ ሳይሆን መኪናዋን የሚሸከም አጥንትም ነው። በላዩ ላይ ውሃ እየተኛ ከበሰበሰ የበር ልባስ ወሬ ያበቃል፤ የብየዳ ወሬ ይጀመራል።

መስከረም 18፣ 2017 (ቅዳሜ)

የመስቀል ማግስት፣ ጥርት ያለ ሰማይ። የሾፌሩን በር ጀመርኩ።

መጀመሪያ የመስታወት ማዞሪያው። በላዩ ያለችውን ፕላስቲክ በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ቀስ ብሎ ማንሣት ነው፤ ከሥሯ አንድ መስቀለኛ ቪቴ አለች። እ.ኤ.አ. የ1960ዎቹ አጋማሽ ቮልስ ያላችሁ ግን ቪቴ አትፈልጉ፤ የእናንተ በፒን የተያዘ ነው። ዙሪያውን ያለውን ክብ ሳህን ወደ ፋዚቱ ተጭናችሁ ፒኑን በቀጭን ብረት መትታችሁ ታወጡታላችሁ። ቀጥሎ የበሩ መክፈቻ፦ ጣት የሚገባበት ጎድጓዳ ፕላስቲክ ከቦታው ሲነሣ ከኋላው ያለው ቪቴ ይታያል። ከዚያ የእጅ መደገፊያው ሁለት ቪቴ። ሁሉንም በየተራ ፎቶ አነሣሁ። ይህን ያስተማረኝ ባለፈው ዓመት ካርቡራተር ፈትቼ የተረፈችኝ አንዲት ሞላ ናት፤ እስከ ዛሬ ኪሴ ውስጥ አለች።

አሁን የቀረው ፋዚቱን የያዙት ክሊፕሶች ናቸው። የብዙ ሰው ፋዚት የሚሞተው እዚህ ላይ ነው። ጠርዙን ይዞ ወደ ራስ መጎተት የለም! ክሊፕሱ በላሜራው ቀዳዳ ውስጥ ተወጥሮ ስለሚቀር የሚቀደደው ፋዚቱ ነው። ሰፊ ስፓቱላ በፕላስተር ጠቅልዬ (ቀለሙን እንዳይቧጭር) ከታችኛው ማዕዘን ገባሁ፤ ክሊፕሱ ያለበትን በዳሰሳ አግኝቼ ስፓቱላውን ልክ ከሥሩ አድርጌ አንድ በአንድ ጠብ ጠብ አደረግኋቸው።

አደረግኋቸው ማለቴ የነበሩትን ነው። ሃያ ቀዳዳ ቆጥሬ ያገኘሁት ዘጠኝ ክሊፕስ ነው። በሰባቱ ቦታ የመጨረሻው ልባስ ሠሪ በሌዘሩ ላይ አሳልፎ ቪቴ መትቶበታል፤ ራሷን በሌዘር ቁራጭ ስለሸፈናት ዘጠኝ ዓመት አላየኋትም። አራቱ ባዶ ናቸው። ደግሞ በዘጠኙም ላይ በክሊፕሱና በላሜራው መሀል መግባት የነበረባት ትንሽ ክብ ጎማ የለችም።

ፋዚቱ ሲወጣ ከኋላው ምንም የለም። ባዶ በር፣ ባዶ ላሜራ። ከላይ ቀኝ ማዕዘን ላይ ብቻ መዳፍ የምታህል ሬንጅ የነካት ጥቁር ወረቀት ተለጥፋ ቀርታለች፤ ከእሷ ተነሥቶ በበሩ ዙሪያ የደረቀ ማጣበቂያ መስመር ይዞራል፤ የድሮ ጠባሳ ይመስላል። ያኔ ገባኝ። ሲሠራ ውሃ መከላከያ ነበረው። የመጀመሪያው ልባስ ሠሪ ቆሻሻ መስሎት ላጠው፤ ከእሱ በኋላ የመጡት ኖሮ እንደሚያውቅ እንኳ አላወቁም።

መስከረም 19 (እሁድ)

ልጄን ጀሪካን አስይዤ መስታወቱ ላይ ውሃ እንዲያፈስ አደረግኩ፤ እኔ ከውስጥ በባትሪ አያለሁ። በመስታወቱና በበሩ አፍ መሀል ያለው ጎማ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ውሃው ሳይከለከል ገባ። በመስታወቱ ገጽ ወረደ፣ የመስታወት ማንሻው ብረት ላይ አርፎ ተረጨ፣ ተረጭቶ ትናንት ፋዚቱ የነበረበት ቦታ በኩል በቀጥታ ጉልበቴ ላይ መጣ።

ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ መካኒክ ናቸው፤ በዘመናቸው ያልፈቱት ቮልስ የለም ይባላል። ከበራቸው ወንበር አውጥተው ያዩናል።

«ጋሼ፣ ይሄ ጎማ ቢቀየር ውሃው ይቆማል?»

«ይቀንሳል እንጂ አይቆምም። በር ጣሪያ የለውም ልጄ። ወለሉ ግን ቀዳዳ አለው። እስቲ ከሥር እየው።»

ከሥር አየሁ። ከበሩ ታች ጠርዝ ጠብ የሚል ነገር የለም። ሌላ ጀሪካን። አሁንም የለም፤ በሩን ሳወዛውዘው ግን ከውስጥ ይንቦጫረቃል። ተኝቼ በጣቴ ዳበስኩት። የውሃ መውጫዎቹ በስቱኮ ተደፍነዋል! ተደፍነው በብርጭቆ ወረቀት ተስተካክለው ቀለም ተቀብተዋል። መኪናዋ ከስድስት ዓመት በፊት ቀለም ስትቀባ የሠራት ሰው የዝገት ቀዳዳ መስለውት ይሆናል። እጁን ግን አደንቃለሁ፤ በጣም ጥሩ ስቱኮ ነው፣ ለማውጣት ድሪል አስፈለገኝ።

የመጀመሪያው ሲከፈት ጥቁር ውሃ ፊቴ ላይ ወረደ። ዝገት፣ ጭቃ፣ የሞተ በረሮ። አንድ ሃይላንድ የሚሞላ ይሆናል። ልጄ ስቆ ሊሞት ነው፤ ሽማግሌው ግን አልሳቁም። «ይሄ ስንት ክረምት ጠጥቶ ነው» ብቻ አሉ።

መስከረም 25 (ቅዳሜ)

የበሩን ሆድ በሽቦ ብሩሽ፣ በብርጭቆ ወረቀት፣ እጅ በማይደርስበት በሽቦ ላይ በታሰረ ጨርቅ። ሁለት ቦታ ላሜራው ትንሿ ጣቴን የሚያሳልፍ ያህል ተበልቷል። ብየዳ ቤት አልወሰድኩትም፤ ለዚህች ብዬ የውጩን ቀለም አላስቃጥልም። ከውስጥ ቁራጭ ላሜራ ለጥፌ ዘጋሁ። አንቲረስት ሁለት እጅ። የውስጥ ላሜራ ጠርዝ እንደ ምላጭ ነው፤ ጓንት አድርጉ። እኔ አላደረግሁም፣ በግራ እጄ ነው የምጽፈው።

መስከረም 26 (እሁድ)

አሮጌው ፋዚት አይድንም። ከወገቡ በታች ተነባብሮ ተከፋፍሏል። አዲስ ባለ 3 ሚሊሜትር ፋዚት ገዝቼ አሮጌውን በላዩ አስተኝቼ በእርሳስ ቀዳሁ፤ የክሊፕስ ቀዳዳዎቹን፣ የማዞሪያውን፣ የመክፈቻውን፣ የመደገፊያውን ሁሉ። በቀጭን መጋዝ ቆረጥኩ፣ ጠርዙን አለሳለስኩ። ሦስት ሰዓት ፈጀብኝ። አንሥቼ በሩ ላይ ስለካው ማዞሪያው ያለበት ቀዳዳ በተቃራኒው ወገን ሆነ።

ፋዚት አንድ ፊቱ ለስላሳ፣ አንዱ ሸካራ ነው። እኔ ለስላሳው ላይ ስስል አሮጌውን በፊቱ ደፍቼው ኖሯል። እናም ያለኝ በጣም ያማረ የቀኝ በር ፋዚት ነው፤ ለስላሳው ወደ ሰው፣ ሸካራው ወደ በር። ልጄ «አባዬ፣ ለዚያኛው በር ይሆናላ» አለ። እውነትም ይሆናል። ለግራው ሌላ ቆረጥኩ፤ አሁን «ፊት» ብዬ በትልቁ ጽፌበት።

ማታ ሁለት ሰዓት አካባቢ ቤቱ ሲወዛወዝ ሁላችንም ወጣን። የመሬት መንቀጥቀጥ ነው፤ ከአዋሽ በኩል እንደሆነ በኋላ ሰማን። ግድግዳው ላይ ያስደገፍኳቸው ሁለቱ ፋዚቶች ወድቀዋል፤ ምንም አልሆኑም። ጎረቤቶች ግቢ ቆመው በነበረበት ሰዓት አንዱ የቮልሷን በሮች አየና «ይሄን ሁሉ ከምትደክም ኤሌክትሪክ አትገዛም? ቤንዚኑንማ ማስገባት ራሱ ተከልክሏል» አለኝ። በዚያ ሰዓት መልስ አልነበረኝም።

ጥቅምት 2 (ቅዳሜ)

መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ። ለክሊፕስ ስዞር ግማሽ ቀን ሄደ። የፕላስቲኩ ሞልቷል፤ የኮሮላው ሁሉ ዓይነት አለ። ሞከርኩት፤ አንገቱ ከቮልሷ ቀዳዳ ጋር አይስማማም፣ ወይ ይላላል ወይ አይገባም። አንድ ሱቅ ከጀርባ መደርደሪያ የድሮውን የብረት ክሊፕስ በካርቶን አወጣልኝ፤ ግማሹ ዝጓል። እየመረጥኩ ሃምሳ ወሰድኩ። ጎማዎቹ የሉም፤ ከወፍራም የውስጥ ጎማ በቆዳ መብሻ ራሴ እበሳለሁ። የመስታወቱ የውጭና የውስጥ ጎማ ተገኘ። ዋጋውን ባለቤቴ ይህን ስለምታነብ አልጽፈውም።

የከበደኝ ማጣበቂያው ነው። ሱቅ የጠየቅሁት ሁሉ «ሲሊኮን ውሰድ፣ ግጥም አድርገህ ዝጋው» ይላል። እቤት የነበረኝን ቱቦ ከፍቼ አሸተትኩት፦ ኮምጣጤ። ይህ ዓይነቱ ሲሊኮን ሲደርቅ የሚለቀው አሲድ ነው፤ ባዶ ላሜራ ካገኘ ዝገት ይጀምራል። ከአሲድ ነፃ የሆነም አለ፤ ግን እሱም ቢሆን አንዴ ከያዘ የሚለቀው በምላጭ ነው። ማስቲሽም እንደዚያው። ስመለስ ለሽማግሌው ነገርኳቸው።

«እሺ ዘጋኸው እንበል። ነገ የመስታወት ማንሻው ገመድ ቢበጠስብህስ?»

«አወልቀዋለሁ።»

«ታወልቀዋለህ ወይስ ትቀደዋለህ? የቀደሙትስ ለምን የጣሉት መሰለህ?»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። የመጀመሪያው ልባስ ሠሪ ሞኝ ነው ብዬ ሁለት ሳምንት ስፈርድበት ከረምኩ። ምናልባት ለማንሻው ሲል ቀደደውና የሚመልስበት ነገር አጣ። ውሃ መከላከያ ሲነሣ የሚላጥ፣ ሲመለስ የሚይዝ መሆን አለበት። ለዚህ የተፈጠረው ቡታይል የሚባለው ጥቁር ገመድ መሰል ማስቲካ ነው፤ ለዓመታት አይደርቅም፣ እንደ ሊጥ ይሳባል፣ ተላጥቶ እንደገና ይጣበቃል። በዞርኩባቸው ሱቆች አላገኘሁም። የአክስቴ ልጅ ከዱባይ በሚቀጥለው ሳምንት ትገባለች፤ አንድ ጥቅል ለመንኳት። «ሌላ ሰው ሽቶ ያስመጣል» አለችኝ።

ጥቅምት 3 (እሁድ)

የመስታወት ማንሻውን አጽድቼ ግራሶ ቀባሁት፤ በር ተከፍቶ ሳለ ያልተቀባ ማንሻ በኋላ ያስከፍላል። የመስታወቱን ሁለት ጎማዎች ቀየርኩ። የውጩን ስታስገቡ ከንፈሩ መስታወቱን በእኩል መጫኑን ከጫፍ እስከ ጫፍ እዩ። እኔ በአንድ ጫፍ ተጣጥፎብኝ ሁለቴ አወጣሁት። ማዞሪያውን ለጊዜው ሰክቼ መስታወቱን አሥር ጊዜ አወጣሁ፣ አወረድኩ። ለስላሳ ነው።

የጀሪካኑ ፈተና፦ አሁንም ይገባል፣ ግን ሲሶ ያህሉ። የገባውም ከታች በሁለቱም ቀዳዳ ይወጣል። ሽማግሌው ልክ ናቸው።

ልጄ ሥራ በፈታበት ሰዓት የኋላ ወንበር ላይ ተጋድሞ «እውነት ጃንሆይን በቮልስ ነው የወሰዷቸው?» አለ። አዎ፣ መስከረም 2፣ 1967። የፊት ወንበሩን አጥፎ እየወጣ «እንዴት አድርገው ገቡ?» አለ። ሁለት በር ብቻ ያላት መኪና ናት፤ ከኋላ የሚቀመጥ ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው።

ጥቅምት 9 (ቅዳሜ)

ቡታይሉ መጣ። ዛሬ የሥራው ሁሉ መሀል ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

በሩ ላይ የቀረውን የድሮ ማጣበቂያ በአኳራጅ (በቀለም ማቅጠኛው) አላቅቄ በንጹሕ ጨርቅ አደረቅኩ። ቡታይል በአቧራና በቅባት ላይ አይዝም፤ ትናንት ግራሶ የነካ እጅ ከሆነ ታጠቡ። ሱቅ በሜትር የሚሸጠውን ወፍራም ላስቲክ በሩ ላይ ዘርግቼ በፕላስተር ያዝኩት፤ መስመሩን በማርከር ሣልኩ።

የመስመሩ ነገር ወሳኝ ነው። ክሊፕሶቹ በጠርዝ በጠርዝ ናቸው፤ ላስቲኩ እነሱን ከሸፈነ ሃያ ቦታ ይበሳል። ስለዚህ ቡታይሉን ከክሊፕስ ቀዳዳዎቹ ወደ ውስጥ፣ ከትልልቆቹ የበሩ ክፍት ቦታዎች ወደ ውጭ፣ በሁለቱ መሀል ባለው ጠባብ ላሜራ ላይ ሳላቋርጥ አዞርኩት። ጫፍ ከጫፍ ሲገናኝ አንድ ጣት ያህል አደራረብኩ። በክሊፕስ ቀዳዳ የሚመጣውን የምትከለክለው ትንሿ ጎማ ናት፤ ለዚህ ነበር ፋብሪካው ያኖራት።

ታችኛው ጫፍ ከሌላው ይለያል። በመጀመሪያ ሙከራዬ ዙሪያውን ሁሉ ለጠፍኩትና ውሃ አፈሰስኩ፤ ከላስቲኩ ጀርባ የወረደው ውሃ ታች ቡታይሉ ላይ ተቋጥሮ ሆድ ሠራ። ላጥኩት። ቡታይሉ ተላጥ ሲሉት እንዲህ በሰላም መላጡ ራሱ ደስ አለኝ። ሁለተኛ ጊዜ የላስቲኩን ታች አንድ ጋት አስረዝሜ ተውኩና ምላሱን ከታች ባለው ክፍት ወደ በሩ ሆድ አስገባሁት። አሁን በላስቲኩ ላይ የሚወርድ ጠብታ ሁሉ ተመልሶ በሩ ውስጥ ይወድቃል፣ ከዚያ በቀዳዳው ወደ መሬት። ከምላሱ ፊት ለፊት፣ ወደ እኛ በኩል ደግሞ አንድ መስመር ቡታይል።

ለማዞሪያው ዘንግና ለመክፈቻው ትንሽ መስቀል ብቻ ቀድጄ አሳለፍኩ፤ ዙሪያቸውን ቀለበት። አየር የያዘውን በጨርቅ ከመሀል ወደ ዳር አሸሁት። ሦስት ጀሪካን ውሃ። ጉልበቴ ደረቅ ነው።

ሽማግሌው ከወንበራቸው ተነሥተው መጡ፤ ላስቲኩን በጣታቸው አንኳኩ፣ አጎንብሰው ከሥር የሚንጠባጠበውን አዩ፣ ተመለሱ። ምንም አላሉም። ከእሳቸው ብዙ ነው።

ጥቅምት 10 (እሁድ)

ፋዚቱ ሳምንቱን ሙሉ ቫርኒሽ ሲጠጣ ከርሟል። ጀርባው ሁለት እጅ፣ ጠርዙና የቀዳዳዎቹ ከንፈር አራት እጅ። ፋዚት ውሃ የሚጠጣው በጠርዙ ነውና ገጹን ብቻ ቀብቶ ጠርዙን መተው ጃንጥላ ይዞ ባዶ እግር እንደ መሄድ ነው።

ሌዘሩን ከአሮጌው ላይ ላድነው ሞክሬ ነበር፤ የቪቴዎቹ ቀዳዳ አበላሽቶታል። አዲሱ ጥቁር ነው፣ የድሮው የፋብሪካ መስመር ግን የለበትም። መስመሩ በሙቀት የታተመ ስለሆነ በመርፌ ከማስመሰል ሜዳውን ብተወው ይሻላል አልኩ። ማስቲሹን ሁለቱም ላይ በስሱ፤ ጣት ሲነካው እስከማይለጠፍ አሥር ደቂቃ ያህል ጠበቅኩ፤ ከመሀል ወደ ዳር። ማዕዘን ላይ ሌዘሩን በሦስት ማዕዘን እየቆረጥኩ በባለቤቴ የፀጉር ማድረቂያ አለስልሼ አጠፍኩት። በር ክፍት አድርጋችሁ ሥሩ፤ የማስቲሽ ጭስ ራስ ያዞራል።

መግጠሙ ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ጎማዎቹን በየቀዳዳው፣ ክሊፕሶቹን በፋዚቱ፤ እያንዳንዱ ከቀዳዳው ፊት መድረሱን በዓይን ካየሁ በኋላ ብቻ በመዳፌ መታ። ሃያውም ገቡ። ማዞሪያውን ከፎቶው አይቼ በነበረበት አቅጣጫ መለስኩት። በሩን ስዘጋው ድምፁ ተለውጧል፤ ድሮ እንደ ቆርቆሮ ሳጥን ይጮህ ነበር፣ አሁን ድፍ ብሎ ይዘጋል።

ጥቅምት 16 (ቅዳሜ)

የቀኙ በር። መንገዱን ስለማውቀው በአንድ ቀን አለቀ። መውጫዎቹ እዚህም በስቱኮ ተደፍነዋል፤ ዝገቱ ግን ያነሰ ነው። ምክንያቱ ሲታይ ከፋዚቱ ጀርባ አንድ ሰው የስሚንቶ ከረጢት ወረቀት በማስቲሽ ለጥፎበታል። በስብሶ ተቀዳድዷል፤ ቢሆንም ማን እንደሆነ ባውቅ ቡና እጋብዘው ነበር። የተሳሳትኩበት ፋዚት ልክክ ብሎ ገባ።

ጥቅምት 23 (ቅዳሜ)

ላቫጆ ወስጄ በሁለቱም በር ላይ ሩብ ሰዓት ውሃ አስለቀቅኩ። ሽማግሌው «ያ ግፊት ነው፣ ዝናብ አይደለም» ስላሉኝ እቤት መጥቼ በጀሪካን ደገምኩት። በሁለቱም በኩል ጋዜጣ አንጥፌ ነበር። የግራው ጋዜጣ ደረቅ። የቀኙ ላይ የአምስት ሳንቲም ስፋት ያላት እርጥበት፣ ከፊት በኩል።

ፋዚቱን አወለቅኩ፤ ላስቲኩ ደረቅ ነው። እርጥበቱ የሚመጣው ከፊት ካለችው ትንሿ ተከፋች መስኮት ነው፤ ጎማዋ ድንጋይ ሆኗል፣ ከታችኛው ማዕዘኗ ውሃው በላሜራው ላይ በውስጥ በኩል ይወርዳል። የእሷን ጎማ ለመቀየር የመስኮቷን ክፈፍ ራሱን ማውጣት ግድ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ላስቲኩ መነሣት አለበት። ከማዕዘኑ ይዤ ሳብ ሳደርገው ቡታይሉ ሳይቀደድ ተከተለኝ። ጎማው ሶማሌ ተራ አልተገኘም። ለአክስቴ ልጅ ደወልኩላት።